የመኪና ቤት

«የቤት መኪና» የሚለው ስም ሁልጊዜ ያስገርመኛል። አማርኛችን በዚህ ስም የሚጠራት ሰው ለግሉ የሚነዳትን፣ ከጭነትና ከሕዝብ ማመላለሻ የምትለየውን ትንሿን መኪና ነው፤ ቤትነት ግን የላትም። ሁለቱን ቃላት አገላብጠን «የመኪና ቤት» ብንል ደግሞ ሰሚው ጋራዥ ይመስለዋል። አልጋውን፣ ምድጃውንና ውኃውን በሆዱ ይዞ የሚዞረው፣ ባለቤቱ በመሸበት ሜዳ አቁሞ የሚያድርበት ተሽከርካሪ በቋንቋችን ቁርጥ ያለ ስም አላገኘም።

ስም ያጣንለት ነገሩን ስላላየነው አይመስለኝም። የሚንቀሳቀስ ቤትን እኛም እናውቀዋለን፤ የምናውቀው ግን በሌላ ስምና በሌላ ልብ ነው። ይህች ጽሑፍ ስለዚያ ልብ ናት።

* * *

«ከተማ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ዛሬ ሲጠራ ድንጋይ፣ ሲሚንቶና አስፋልት ይታየናል። ሥሩ ግን «ከተመ» ነው፤ ሠፈረ፣ ድንኳን ተከለ። ለብዙ መቶ ዓመታት ከተማ ማለት ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ያረፉበት ሜዳ ማለት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የዐፄ ልብነ ድንግልን ቤተ መንግሥት ያገኘው በድንኳን ነው። ስድስት ዓመት ተቀምጦ ያየውን በጻፈበት፣ በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ፣ ችሎቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ገበያውም አብሮ እየተነቀለ አብሮ እንደሚተከል፣ በአዲሱ ሜዳም እያንዳንዱ የለመደውን ቦታ እንደሚይዝ ይነግረናል።

ማዕርጎቻችንም ቢሆኑ የጉዞና የሠፈር ካርታ ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመው ነው፤ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ቀኙንና ግራውን የያዙት፤ ደጃዝማች ደጁን የሚጠብቀው። አያቶቻችን ሰውን የሚያከብሩበት ስም ከድንኳን አተካከል የተቀዳ ነው ማለት ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ እንኳ ድንኳኑ ጨርሶ አልተጠቀለለም። አዲስ አበባ ራሷ ልትነቀል ጥቂት ነበር የቀራት፤ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ የቸነከራት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

አልጋ ስላለው መኪና ካነሣን ደግሞ የጣሊያንን ዘመን ማለፍ አይቻልም። ከወራሪው ጦር ጋር ከገቡት መኪኖች አንዷ ፊያት 634 ነበረች፤ አባቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» ይሏታል። ጋቢናዋ ውስጥ ለሹፌሮቿ መኝታ በማበጀት ከአውሮፓ ቀዳሚዎች መካከል የምትቆጠር ናት። ትሬንታ ኳትሮ አልጋዋን ይዛ ስትገሰግስ፣ በቢቸና በኩል እነ በላይ ዘለቀ «ዱር ቤቴ» ብለው ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ናት፤ ቤት ያለው ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ የሚላት። ለአምስት ዓመት ዱሩን ቤት ያደረገው ግን ቅጠሉና ዋሻው ብቻ አልነበረም። በጨለማ ስንቅ የምታቀብል እናት፣ የጠላትን እግር አይቶ የሚያስጠነቅቅ እረኛ ነበረበት። ዱር ቤት የሚሆነው በዙሪያው ያለው ሰው «የኛ ናቸው» ሲል ነው።

ከነጻነት በኋላም መኪና ውስጥ ማደር የቀጠለው በሹፌሮች ዘንድ ነው። «ኤንትሬ» የምንላቸውን አሮጌ ፊያቶች ያሽከረክሩ የነበሩት፣ ዛሬም የጅቡቲን መንገድ የሚመላለሱት ሰዎች ከወንበራቸው ጀርባ ፍራሽ አላቸው፤ በመስታወቱ ላይ መጋረጃ፣ በተሳቢው ጎን ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ድስት፣ በርበሬና የቡና ጀበና። ረዳቱ በተሳቢው ጥላ ሥር ወጥ ይሠራል። ከነሱ መካከል ግን «ለመዝናናት ነው» የሚል አልገጠመኝም። ሥራው ከቤታቸው ቢነጥላቸው ቤታቸውን በጥቂቱ ይዘው የወጡ ሰዎች ናቸው።

ለመዝናናት ብሎ ቤትን መኪና ላይ መጫን የሌላ አገር ፈጠራ ነው። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪምና ደራሲ በ1885 «ተንከራታቹ» ብሎ የሰየመውን በፈረስ የሚሳብ ቤት አሠርቶ እንግሊዝን ዞረበት። በ1951 ደግሞ ዌስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ድርጅት የቮልስዋገንን ኮምቢ ወደ መኝታ ቤት መለወጥ ጀመረ። የዚያ ዘር የሆኑ መኪኖች ከካይሮ ወደ ኬፕታውን ሲወርዱ በአገራችን ያልፉ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥም ለገሀር አካባቢ «ዊምስ ሆላንድ ሀውስ» በሚባለው ግቢ ለዓመታት እየቆሙ ያርፉ ነበር። እኔም መጀመሪያ ያየኋቸው እዚያ ነው። አንድ ጎልማሳ ፈረንጅ በመኪናው ጎን መጋረጃ የመሰለ ጥላ ዘርግቶ፣ ከሥሩ ወንበር አውጥቶ መጽሐፍ ሲያነብ ቆሜ አየሁት። ቀናሁበት።

* * *

በ2000 ዓ.ም. እኔና አንድ ባልንጀራዬ ገንዘባችንን አዋጥተን ዶልፊን ገዛን። በታክሲነት ኖሮ ጉልበቱ የላላ፣ ቀለሙ ሰማያዊና ነጭ የነበረ ሚኒባስ ነው። አሥራ ሁለቱን የመንገደኛ ወንበሮች ስንነቅል ከሥራቸው ሳንቲም፣ የደረቀ የሎሚ ልጣጭና አንድ የሕፃን ጫማ አገኘን። ጫማው የቀኝ እግር ነበር። ባልንጀራዬ አልጥልም ብሎ በሹፌሩ መስታወት ላይ አንጠለጠለው።

ምንጣፉ ሲገለጥ የወለሉ ላሜራ በዝገት ተበልቷል፤ ውስጥ ቆሞ መሬቱን ማየት ይቻላል። ዝገትን የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው፣ በዓይን የሚታየው ከውስጥ ካለው ትንሹ ነው። ቀጥቃጩ በመዶሻው ጫፍ ነካ ባደረገው ቁጥር ደኅና ይመስል የነበረው ሁሉ እንደ ቂጣ ተፈረፈረ። የተበላው ተቆርጦ ወጣ፤ አዲስ ላሜራ ተበየደ፤ በላዩ ጸረ ዝገት ተቀባ፤ ጎኑ ስቱኮ ተለቅልቆ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ። ሁለት ወር ፈጀ።

ቀጥቃጩ ሥራውን ሲሠራ የሚያስበው ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቀን መዶሻውን አስቀምጦ፣ «አሥራ ሁለቱ ወንበር እንጀራ ያወጣ ነበር። አልጋው ግን ማንን አሳፍሮ ነው የሚከፍላችሁ?» አለን። መልስ አልነበረንም፤ እሱም አልጠበቀም።

የቀረውን ከመርካቶ ለቀምነው። ሶማሌ ተራ የበሩን መቆለፊያና የጎኑን መስታወት ሰጠን። ምናለሽ ተራ ደግሞ፣ የተጣለ ነገር ሁሉ ሌላ ዕድሜ የሚያገኝበት ያ ሠፈር፣ ማጠፊያውን፣ የአሮጌ ማቀዝቀዣ የሽቦ መደርደሪያውን፣ የሰሐን ማስቀመጫችንን ሳይቀር አበረከተልን። አናጢው ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን የጣውላ ሥራ ሠራልን፤ በላዩ ስፖንጅ ፍራሽ ተነጠፈ። ቡታጋዙ በሰንሰለት ታሰረ፤ ጭሱና ሽታው እንዳይታመቅ ከላዩ የሚከፈት መስኮት ተበጀለት። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ላይ ቧንቧ ገጠምን። መጋረጃውን የሰፋችልን የባልንጀራዬ እናት ናቸው፤ «ለመኪና መጋረጃ?» ብለው ሲስቁ ከቆዩ በኋላ ዳር ዳሩን ጥልፍ ጠለፉበት።

ለዓመታዊው ምርመራና ለቦሎው ስንወስደው መርማሪው በሩን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎ ወረቀቱን እያየ፣ «ይኼ ምን ተብሎ ይጻፋል? የሕዝብ ነው፣ የጭነት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«የእንቅልፍ» አለ ባልንጀራዬ።

* * *

ጥር 9 ቀን 2001 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። በሌሊት ከአዲስ አበባ ወጥተን፣ ጎሐ ጽዮንን አልፈን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጣን። ደጀን ላይ ዋናው አስፋልት ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያቀና እኛ ቀኙን፣ የቢቸናን ጠጠር መንገድ ያዝን። ቢቸና ያደግሁባት ከተማ ናት፤ ከተማነቷን ግን ሁልጊዜ የማየው ከሜዳው ጋር ነው። ጥር የውቂያ ወር ነው። በየአውድማው የጤፍ ክምር ቆሟል፤ በክረምት እግር የሚውጠው ዋልካ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ መኪና ይሸከማል። በስተምዕራብ ጮቄ ደመናውን ተከናንቦ ተቀምጧል።

ቢቸናን አልፈን ወደ ደብረ ወርቅ ስንጓዝ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ውቂያው ያለቀ አውድማ አየንና አቆምን። ጥላውን ዘረጋን፤ ሻይ ጣድን፤ ወንበር አወጣን። የቀናሁበትን ሰው ሆኜ መጽሐፍ ገለጥሁ።

ብዙ አልቆየም። ጋቢ የለበሱ፣ በትር የያዙ አንድ ሽማግሌ ከማዶ ካለው ቤት ቀስ እያሉ መጡ። ብድግ አልን።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። መኪናችሁ ተበላሽቶ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ፤ ደኅና ነው። እዚሁ ልናድር ብለን ነው።»

«እዚህ የት?»

«ውስጡ አልጋ አለው። ይመልከቱት።»

ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ፍራሹን፣ ቡታጋዙን፣ ጥልፉን መጋረጃ፣ የተንጠለጠለውን የሕፃን ጫማ ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። ፊታቸው ላይ መገረምም ነበረ፤ ደስ ያላቸው ግን አልመሰለኝም። ቀና ብለው በበትራቸው ወደ ማዶው ቤት አመለከቱ።

«ታዲያ ቤቱ ምን ሆነ?»

እንዳናስቸግርዎ ብለን ነው አልን። ፍራሽም ምግብም ይዘናል አልን። እሳቸው ግን የሚሰሙት ሌላ ነገር ነበር። «አስቸገራችሁኝ አልወጣኝም። ነገ ጥዋት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፣ እንግዳ አውድማ ላይ አሳድሮ መጣ ይሉኛል። እኔ በሬን ዘግቼ ልተኛ ነው? ጅቡስ ቢሆን ምን ይለኛል?»

አሁን ሳስበው፣ የሠራነው መኪና ትልቁ ሙያው ማንንም አለመፈለጉ ነበር። ውኃ አይለምንም፤ እሳት አይጭርም፤ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» አይልም። ስቴብልስም ሆነ ከካይሮ የሚወርዱት ሰዎች የሚወዱት ይህንኑ ነጻነት ይመስለኛል። ሽማግሌው ያዩት ግን የነጻነቱን ሌላ ፊት ነው፤ ደጃቸው ላይ ቆሞ «ደጅህን አልፈልገውም» የሚል ቤት። እሳቸው ባደጉበት ሥርዓት እንግዳ የሚያርፈው ስለደከመው ብቻ አይደለም፤ የሚያርፍበትን ቤት ቤት ለማሰኘትም ነው። «ቤት ለእንግዳ» የሚለው ግብዣ የሚባለው በር ላይ ተቁሞ ነው፤ በሩን ይዞ ለመጣ ሰው ምን ይባላል?

ገባን። እግራችንን ታጠብን። በማግሥቱ ገሃድ ነውና የዕለቱ ሽሮ ቅቤው የተትረፈረፈ ነበር። ጠላ ተቀዳ። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጠፈልን። መኪናው ባዶውን እንዳያድር ሁለት የልጅ ልጆቻቸው እንዲጠብቁ ተላኩ፤ ወንድና ሴት፣ አሥር ዓመት ያልሞላቸው። ሌሊቱን መጋረጃውን ሲከፍቱና ሲዘጉ፣ የባትሪ መብራት ሲያበሩና ሲያጠፉ፣ ሲስቁ ይሰማ ነበር። እኛ በነሱ መደብ፣ እነሱ በኛ አልጋ አደርን። ሁለት ወር የተደከመበትን ፍራሽ መጀመሪያ የተኙበት እነሱ ናቸው።

* * *

በማግሥቱ ደብረ ወርቅንና ግንደ ወይንን አልፈን ሞጣ ስንገባ ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሊወርዱ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ መንገዱን ሞልቶታል። ከተራ ነው። ቃሉ ከ«ከተረ» ይመጣል፤ ለበዓሉ ውኃው ስለሚከተር፣ ስለሚገደብ። ለእኔ ግን «ከተራ» እና «ከተማ» በድምፅ ብቻ አይዛመዱም። ጥር 10 ቀን ታቦቱ ከድንጋይ ቤቱ ይወጣና በውኃ ዳር በተተከለ ድንኳን ያድራል፤ ሕዝቡም ጋቢውን ተከናንቦ፣ ስንቁን ይዞ በዙሪያው ያድራል። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር የመዘገበው ዝማሬውን፣ ሰልፉንና ሥርዓቱን ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ከንጉሥ ከተማ ተርፎ የቀረልን የድንኳን አዳር ይኸው ነው። ድንኳኑ በመሐል ነው፤ ሰው ሁሉ በዙሪያው ቦታ አለው፤ ሜዳው ላይ የተኛውን «ቤቱ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቤቱ ራሱ ወጥቶ ከሱ ጋር አድሯልና።

መኪናችንን ሜዳው ዳር አቆምነው። ብርዱ ሲጠና አንዲት እናት ሕፃናቸውን ለማስተኛት ጠየቁን። ቀጥሎ ሌሎች ሁለት መጡ። ፍራሹ በሕፃናት ተሞላ። ሴቶቹ ቡታጋዛችንን አውርደው ቡና ጣዱ፤ ጀሪካኑ ተቀድቶ አለቀ፤ አንድ ወጣት ሄዶ ሞልቶ አመጣው። ካህናቱ ሌሊቱን ሲዘምሩ እኛ ሁለታችን በር ላይ ተቀምጠን አነጋን። መኪናው ያን ሌሊት ከተማ ገባ፤ በጥንቱ ትርጉም።

* * *

ባልንጀራዬ ጥቂት ዓመት ቆይቶ አሜሪካ ገባ። እዚያ በእረፍቱ የሚከራየው ባለ ሞተር ቤት መታጠቢያ ሳይቀር አለው። ቁጥር የተሰጠው ቦታ ላይ ያቆመዋል፤ የመብራትና የውኃ መሰኪያ አለ፤ ጎረቤቱ እጁን አንሥቶ ሰላም ይለዋል። «ሁሉም ሙሉ ነው» ይለኛል በስልክ፤ «የመጣ ሰው ግን የለም።» እዚያው አገር ጄሲካ ብሩደር በ2017 ባሳተመችው «ኖማድላንድ» በተባለው መጽሐፍ የጻፈችላቸው አዛውንት ደግሞ ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የቤት ኪራይ አቅቷቸው መኪና ውስጥ መኖር የጀመሩ ናቸው። ለአንዱ መዝናኛ የሆነው ለሌላው መጠጊያ ነው።

በእኛም አገር ሸራ ሥር ማደር ለብዙዎች ምርጫ መሆኑ ከቀረ ሰነበተ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ዓመታት ቆጥረዋል። የኔ መንገድም ተዘግቷል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ውጊያው ተቀሰቀሰ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ዐዋጁ ካበቃ በኋላም ውጊያው ቀጠለ። ከደጀን እስከ ሞጣ ያለው አገር «ዱር ቤቴ» የሚለውን ቃል እንደገና መስማት ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ግን በሁለቱም ወገን ያለው የአንድ አገር ልጅ ነው። የመሸበት መኪና ያየ ገበሬ ዛሬ ወደ እሱ መጠጋቱን ሁለት ጊዜ ያስባል። በመኪናው ውስጥ ያለውም የሚመጣውን የበትር ድምፅ ሲሰማ ልቡ ይመታል። ጦርነት ከሚያፈርሳቸው ቤቶች ሁሉ ዘግይቶ የሚጠገነው ይህ ይመስለኛል፤ ላሜራ አይደለም፣ አይበየድም።

ዶልፊኑ ግን አለ። ባትሪው እንዳይሞት በየሳምንቱ አስነሣዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደላሎች በአሮጌ መኪና ላይ ዓይናቸውን ጥለዋል፤ ግቢዬ ድረስ እየመጡ፣ አልጋውን አውጥተህ አሥራ ሁለቱን ወንበር መልስበት ይሉኛል። ቀጥቃጩ በጠየቀን ጥያቄ እስካሁን መልስ የለኝም። ባለፈው ክረምት ግን ዝገቱን እንደገና አስፍቄ ቀለም አስቀባሁት፤ የመጋረጃውንም ጥልፍ አሳጠብሁ። መንገዱ ሲከፈት፣ የቆመ መኪና ያየ ሰው ሁሉ «ተበላሽቶባችሁ ነው?» እያለ የሚጠጋበት ቀን ሲመለስ፣ እንደማልተኛበት እያወቅሁ ፍራሹን አነጥፋለሁ።